ኩኑጊ ላይ ስንት ነን?

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኞቹ ሲቆጠሩ «አምስት» ብሎ ካሜጂ ተራውን ጠራ።

«ስድስት» አለ አንድ ሰው፣ ከቆሙባት መርከብ ቀዳዳ ውስጥ።

አምስቱም ሠራተኞች ቀዳዳውን አዩ። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለጥ ብሎ ተኝቷል። ነገ ከሰዓት አውሎ ነፋስ የሚገባበት ባሕር ዋዜማውን እንዲህ ነው የሚተኛው። ከኋላቸው ሁለት የኮንክሪት መኪኖች ሆዳቸውን እያዞሩ ቆመዋል።

የሥራው ኃላፊ ቺዙ የቁጥር ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀስ ብላ ዞረች።

«ጋሽ ካሜጂ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«ገና ምንም አላልኩም እኮ።»

«ልትይ ያሰብሽው ግንባርሽ ላይ ይነበባል። እኔ አይደለሁም።»

የፓምፑ ሠራተኛ ሞሪዮ ሳቁ አመለጠው። «ከእርስዎ ሌላ ማን ሊሆን? ባለፈው ሳምንት መርከቧ ውስጥ ዓሣ ሲጠበስ ይሸተኛል ብለው ምሳዬን ጥዬ እንድሄድ ያደረጉኝ ማን ነበር?»

«እሱማ ምሳህን ፈልጌ ነው። አሁን ምን ፈልጌ?»

እውነትም ምን ፈልጎ? ካሜጂ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ቀይ ባንዲራ ይዞ ቀዳዳው አፍ ላይ መቆምና ሰው እንዳይገባ መጠበቅ ነው። በኢሶሃማ ወደብ ግን የሚታወቀው በባንዲራው ሳይሆን በውሸቱ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ የሰማ ሰው መሐላ ሳይጠይቅ ያምነዋል።

የቆሙባት ኩኑጊ ደግሞ አሮጌ የጦር መርከብ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው የጭነት መርከቦችን የሚያጅብ ጠፋና፣ ትናንሽ አጥፊ መርከቦች በጥድፊያ ተሠሩ፤ ሁሉም በዛፍ ስም ተጠሩ። ብረት ለማጉበጥ ጊዜ ስላልነበረ ጎናቸው እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ነው። ኩኑጊ ከተጀመረች ዘጠና ቀን ሳይሞላት ባሕር ላይ ወጣች። ነዳጅ ግን አልነበረም፤ የጥድ ቅርንጫፍ ለብሳ እንደተደበቀች፣ አንድ ጥይት ሳትተኩስ ጦርነቱ አለቀ። ከዚያ መድፏን ነቅለው፣ ሆዷን ድንጋይ ሞልተው የወደቡ አፍ ላይ አስቀመጧት። ይኸው ሰማንያ ዓመት ማዕበሉን በጎኗ ትመክታለች።

አሁን ዝገቱ በልቷት አንድ ክፍል ክፍት ቀርቷል። ያ ክፍል ዛሬ በኮንክሪት ካልተሞላ ነገ ማዕበሉ በዚያው ገብቶ ለሁለት ይሰነጥቃታል፤ ከጀርባዋ የታሰሩት ሃያ ሦስት ጀልባዎችም እንደ እንቁላል እርስ በርስ ይፈረካከሳሉ። አንዷ የካሜጂ ልጅ የሳቶኤ ናት። እዚያ ማዶ ጎንበስ ብላ ተጨማሪ ገመድ ስታስር ከዚህ ትታየዋለች።

«ሰው ገብቶ እንደሆነ ልየው» አለችና ቺዙ የራስ መብራቷን አብርታ ወረደች።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቦቲዋ ውሃ እየተፋ ወጣች።

«ማንም የለም። ውሃና ዝገት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?» አለ ካሜጂ።

መጀመሪያ ልትነግረው አልፈለገችም። «ይሞቃል» አለች በመጨረሻ። «ሰው ተኝቶበት አሁን የተነሣ ክፍል ነው የሚመስለው።»

ካሜጂ ከአርባ ዓመት በፊት ለአንድ እንግዳ፣ ስኩዊድ ለሚባል አንድ እስር ደረቅ የባሕር ምግብ ብሎ፣ ይህችን መርከብ የሚመለከት ወሬ ፈጥሮ ነበር። ወሬው እንዲህ ነው፤ መርከቧ ስትሠራ በጥድፊያው አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት በያጅ ሁለት ብረት መሐል ተዘግቶበት ቀረ፤ ማታ ሲቆጠሩ አንድ ጎደለ፤ አለቃው ግን ሥራው እንዳይዘገይ «ሙሉ» ብሎ ጻፈ። ወሬው እግር አውጥቶ ሄደ። ሰዎች እየመጡ ለልጁ ሲጋራ ያስቀምጡለት ጀመር፣ ሲጋራውንም ካሜጂ አጨሰው። ለልጁ ስም እንኳ አላወጣለትም፤ ሰነፈ።

«ድጋሚ እንቆጠር» አለች ቺዙ። መጥታ ካሜጂ አጠገብ ቆመች። «ቁጥርዎን እንደጠሩ አፍዎን እይዛለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«አንድ» አለች እሷ ሳትስቅ።

«ሁለት» አለ ሞሪዮ። ቱቦ ያዡ ኢዋኦ «ሦስት»፣ ኮንክሪት ጠቅጣቂው ሴይጎ «አራት» አሉ።

«አምስት» አለ ካሜጂ፤ ወዲያው የቺዙ መዳፍ አፉ ላይ ተለጠፈ።

«ስድስት» አለ ቀዳዳው።

የጎረምሳ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ተራው እንዳያልፈው የሚጠነቀቅ። ሞሪዮ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«መኪኖቹን እንመልስ» አለ ኢዋኦ በሹክሹክታ። «ከትናንት ወዲያ ካህኑ መጥቶ ጨውና ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ ረጭቷል፤ ካልጠቀመ እኛ ምን እናደርጋለን?»

ከኋላ ሾፌሩ ጮኸ፤ «እናንተ ሰዎች፣ ሰላሳ ደቂቃ ነው የቀረኝ። ከዚያ በኋላ ኮንክሪቱ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ይደርቅብኛል።»

«ቺዙ» አለ ካሜጂ፣ «ሰው የለም ብለሻል አይደል?»

«የለም። ግን ይቆጠራል።» ሰሌዳውን አሳየችው። የሠራተኞቹ ስም የተጻፈባቸው አምስት ትናንሽ እንጨቶች ተንጠልጥለዋል። «ቁጥሩ ከዚህ ካልገጠመ አልፈርምም። ሳልፈርም አይፈስም። እኔ ማን ላይ እንደማፈስ ሳላውቅ ቤቴ ገብቼ እራት አልበላም።»

«ነገስ? ጀልባዎቹስ?»

«አንድ ጊዜ ደግሞ እንቆጠራለን። ስድስት ከሆነ መኪኖቹ ይመለሳሉ።»

ካሜጂ ወደ ማዶ አየ። ሳቶኤ ቀና ብላ እጇን አውለበለበችለት። እሱም ባንዲራውን ነቀነቀላት። ከዚያ የሲሚንቶ አቧራ የሸሸ መስሎ አንገቱ ላይ ያለውን ፎጣ እስከ አፍንጫው ሳበ።

«አንድ።»

«ሁለት።»

«ሦስት።»

«አራት።»

ካሜጂ ከንፈሩን ነከሰ። በዕድሜው ሙሉ ዝም ማለት እንዲህ ከብዶት አያውቅም።

«አምስት» አለ ቀዳዳው።

ሌላ ድምፅ አልተከተለም።

ቺዙ ለጥቂት ጊዜ ካሜጂን አየችው። ዓይኗ ፎጣው ላይ ነበር። «ድምፅዎ ዛሬ ቀጥኗል» አለች። መልስ አልጠበቀችም። እንደ ሥራቸው ልማድ ክንዷን ዘርግታ በጣቷ ሰሌዳውን፣ ከዚያ ቀዳዳውን አመለከተች፤ «አምስት፣ ልክ ነው» ብላ ፈረመች።

ፓምፑ ተነሣ። ግራጫው ጭቃ እየተንዶቆዶቀ ገባ፤ የሴይጎ መጠቅጠቂያ እያጉረመረመ ወደ ታች ወረደ። ካሜጂ ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ። ጩኸት ቢሰማ ባንዲራውን ጥሎ ቱቦው ላይ ሊወድቅ ተዘጋጅቷል። አንዳች አልተሰማም። አንድ ትልቅ አረፋ ብቻ ወደ ላይ መጣ፣ ፈነዳ፣ ትንፋሹም ሞቃት ነበር።

ረፋዱ ላይ ኢዋኦ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ በቆርቆሮ ይዞ መጣ። ለቺዙ ሰጠ፣ ለሞሪዮ፣ ለሴይጎ፤ አራተኛውን ራሱ ከፈተ። አምስተኛውን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ሄደ።

«የኔስ?» አለ ካሜጂ።

ኢዋኦ አልዞረም።

ሞሪዮ ቱቦውን ሲጎትት ወደ ኋላ እየሄደ ካሜጂ ላይ ተላተመ። ደንግጦ ዙሪያውን ቃኘ። «እዚህ ጋ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሰውን ሳይሆን ነፋሱን። ካሜጂ ቀልድ መስሎት ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ግን ሞሪዮ ሲቀልድ አፍንጫው ይሰፋል፤ አሁን አልሰፋም። ዓይኑ የካሜጂን ትከሻ አልፎ ባሕሩን ነበር የሚያየው።

ካሜጂ ወደ ማዶ ባንዲራውን አውለበለበ። ሳቶኤ ቀና አለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች፤ ሰው እንደምትፈልግ ሁሉ። ከዚያ ወደ ገመዷ ተመለሰች። ባንዲራው እጁ ላይ ከበደው። አርባ ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው ሲቆጥር ኖሮ፣ ዛሬ በዚያ ሰው ቦታ ራሱ የቆመ መሰለው።

እኩለ ቀን ሲሆን ቀዳዳው ሞላ። ሴይጎ የኮንክሪቱን ፊት አለስልሶ ጨረሰ፣ ሾፌሮቹም ሄዱ። ነፋሱ ከምዕራብ ትንሽ ትንሽ መንፈስ ጀምሯል፤ ኩኑጊ ግን ከዚህ በኋላ የፈለገው ይምጣ፣ አንድ ድንጋይ ሆናለች። ቺዙ ሰሌዳውን ይዛ መጣች። ወጥቶ መቆጠር ደግሞ አለ፤ የወጣው ቁጥር ከገባው ካልገጠመ ሥራው አልተዘጋም፣ ምርመራ አለ፣ ያሳሳተ ሰውም ነገ ሥራ የለውም።

«አንድ» አለች።

«ሁለት።»

«ሦስት።»

«አራት።»

ሁሉም ጠበቁ። አራቱም የሚያዩት ካሜጂን አይደለም፤ እርጥቡን ኮንክሪት ነው። ከዚያ የመጣ ድምፅ ግን የለም። የቺዙ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

«አምስት» ቢል ሁሉም ነገር ይገጥማል። ሞሪዮ ዞሮ ይሰድበዋል፣ ኢዋኦ ሻዩን ይሰጠዋል፣ ሳቶኤ ማታ ሾርባ ታቀርብለታለች። ያ ልጅ ግን፣ ዛሬ ጠዋት ሁላቸውም በጆሯቸው የሰሙት፣ ዳግመኛ እንዳልተቆጠረ ይቀራል። ወረቀቱም እንደ ፊተኛው አለቃ ወረቀት «ሙሉ» ይላል።

ካሜጂ ፎጣውን ከአፉ ላይ አወረደ። አንድ ቁጥር ለመጥራት የሚበቃ ጊዜ ያህል ጠበቀ፣ የልጁን የአምስተኛነት ቦታ ላለመሻማት።

«ስድስት» አለ።