ልክ ያለፈ ወተት

ታላቅ ወንድሟ ያመጣው ወተት ውጤት ሲወጣ መርማሪዋ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ፕሮቲኑ ሞልቶ ተርፏል! ይህን ምርመራ ካለፈ ለሕፃናት ሆስፒታሉ ወተት የሚያቀርበው እሱ ነው። አባት ሆኖ ያሳደጋት፣ ሲወድቅ ሲነሳ የኖረ ሰው አንዴ እንኳ ቢቀናው ምን አለበት? ሌላ ሰው ይመርምረው እንዳትል፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለችው መርማሪ እሷው ብቻ ናት። ስልኳን አንስታ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለህ!» አለችው። ምን ያጣድፋታል? ገና እኮ አልፈረመችም።

ልትፈርም ስትል ቁጥሩን ደግማ አየችው። ኧረ ይኼስ በዛ! የትኛዋ ላም ናት እንዲህ ያለ ወተት የምትታለበው?

ሰው ሁሉ «ፕሮቲን ለኩ» ይላል እንጂ ያ መሣሪያ ፕሮቲን የሚባል ነገር አይቶም አያውቅም። ወተቱ በአሲድ ተቀቅሎ ሲያበቃ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፤ ፕሮቲኑ ከዚያ ላይ ይሰላል። ናይትሮጅን ደግሞ ዩሪያ ማዳበሪያ ውስጥም ሞልቷል። ወተቱን በውኃ ያቀጠነ ሌባ ትንሽ ዩሪያ ጣል ቢያደርግበት መሣሪያው እሰይ ብሎ ያሳልፍለታል።

ከወተቱ ቀንሳ ሌላ አሲድ ጨመረችበት። እውነተኛው ፕሮቲን ይረጋል፤ ዩሪያው ከውኃው ጋር ይቀራል። አጥልላ የወረደውን ውኃ ለካችው። እዚህ ግባ የሚባል ናይትሮጅን ሊገኝበት የማይገባው ውኃ በናይትሮጅን ጢም ብሏል።

መልሳ ደወለች። «ጋሼ፣ ወተቱ ውስጥ ምን ጨመርክ?»

«ምን እጨምራለሁ? አልፏል አላልሽኝም እንዴ?»

«ቸኩዬ ነው። ዩሪያ አለበት።»

«የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም! አፈር ስሆን፣ እቱ፣ ፈርሚልኝ።»

ልታምነው ፈለገች፤ እንዴት አትፈልግ! ምናልባት ወተት የሚያስረክቡት ሰዎች አታለውት ይሆናል። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አላትና ደነገጠች።

«ወይኔ፣ እማዬ! ጠዋት ጠዋት የምትልክላት ከዚሁ ወተት ነው አይደል? ቶሎ ደውልላት፣ እንዳትጠጣው!»

«አብደሻል እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። «የእማዬን እኮ ለብቻ ነው የማስቀረው!»

ስልኩን ሳትዘጋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አላለፈም» ብላ ፈረመች።