የፈላው እንገር

ላማችን ወልዳ ሰዓት ሳይሞላት ሞተች። ጥጃዋ ግን ተረፈች። ባለቤቴ በራሷ ፎጣ እያደረቀቻት «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ትላታለች። እኔን በዚያ ፎጣ እጄን እንኳ አታስጠርገኝም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ድምጿ እንዲህ ለስልሶ ስላልሰማሁ ግን ደስ አለኝ።

ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ።

«ጥጃ ስትወለድ በሽታ የምትከላከልበት ነገር የላትም» አለኝ። «ከእንገር ነው የምታገኘው፣ ከመጀመሪያው ወተት። ያውም ቶሎ ከጠጣች ነው። ከሌላዋ ላም አልባችሁ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁትን በለብታ ውሃ አቅልጡት። እሳት እንዳታስነኩት! ከፈላ መከላከያው ይጠፋል።»

«እሺ» ብዬ ወጥ ቤት ብገባ ባለቤቴ እንገሩን ድስት ውስጥ አድርጋ ጥዳዋለች።

እኛ ቤት ሳይፈላ የሚጠጣ ነገር የለም። ሴት ልጃችን በተቅማጥ ከሞተች ጀምሮ ውሃውም ወተቱም ይንተከተካል። የዚያን ቀን ወተቱን ሳታፈላ የሰጠቻት እናቷ ነበረች። ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ራሷን ይቅር አላለችም። እና በምን አፌ «አታፍይው» ልበላት? አንድ ቀን ቢፈላ ምን ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ፈሪ ነኝ። የጓጎለውን አጥልላ፣ አብርዳ፣ በጡጦ አጠጣቻት።

በአራተኛው ቀን ጥጃዋን ተቅማጥ ያዛት። ባለቤቴ ከበረት አልወጣ አለች፤ የጥጃዋን ጭንቅላት ታቅፋ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ ስታጠጣት ሰነበተች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እዚያው ጭኗ ላይ ሞተችባት።

ሐኪሙ የደረሰው ከሞተች በኋላ ነው። «እንገሩን በጊዜው ጠጥታለች?» ሲል ባለቤቴ ቀደመችኝ።

«እንዴታ! እንዲያውም በደንብ አፍልቼ ነው የሰጠኋት።»

ሰውየው ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «መፍላት አልነበረበትም» አላትና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ባለቤቴ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው።

«ያቺን ሳላፈላ፣ ይቺን አፍልቼ» አለች። «ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠኝ?»

አሁን ዝም ካልኩ ዕድሜ ልኬን ዝም እንደምል ገባኝ።

«እጅሽ ምንም አላጠፋም» አልኳት። «ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ስታፈይው ቆሜ እያየሁሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጃችንን እንዳላስታውስሽ ብዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ረስቻት አውቃለሁ እንዴ?»