አሥራ አንድ ደቂቃ

የፍሬን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ነበር ልበል እንጂ። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከመኪናው ሥር ሆኖ ጎማው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ያላላል። ከታች ያለው «ርገጥ!» ይላል። ከላይ ያለው ረግጦ «ይዣለሁ!» ይላል። አየሩ ከዘይቱ ጋር ወጥቶ ሲያልቅ ቡሎኗ ትጠብቅና «ልቀቅ!» ይባላል። ከላይ ያለው ቀድሞ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ የተለፋው ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ አብሮህ የሚሠራውን ሰው ድምፁን ማመን አለብህ፤ ፊቱን እንደሆነ አታየውም።

እኔና ጋሽ ጆሮ አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ስንጯጯህ ኖረናል።

ጋሽ ጆሮ ያልነው በሌላ አይደለም። ሞተር ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሦስተኛው ሲሊንደር አኩርፏል» ይላል፤ ሲፈታ እውነትም ሦስተኛው ነው። ጆሮውን አትረፍርፎ የሰጠው ፈጣሪ ዓይኑ ላይ ግን ሰስቶበታል። ሃምሳን ካለፈ ወዲህ ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ጭጋግ ሆነበት፣ መነጽሩም ከመኪና ሥር ሲገባ ወዲያው በዘይት ይጨማለቃል። ስለዚህ ስንጥቅና ፍሳሽ መፈለግ የኔ ድርሻ ሆነ። «ዓይኔ፣ ና እስቲ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የሞተር ድምፅ የሚባል ነገር አይገባኝም፤ ሁሉም ያው ጫጫታ ነው። «ጋሼ፣ ስማልኝማ» እለዋለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና መካኒክ ይወጣን ነበር። ይህን እንደ ጉድለት የቆጠረብን ሰው አልነበረም፤ አውቶብሱ ተሠርቶ ይወጣል፣ በቃ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ አብሮት ስክሪን መጣ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በር በላይ ሰቀሉት። የአሥራ አራታችንም ፎቶ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ በየፎቶው አጠገብ ነጥብ ይታያል። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ታብሌት ታደለ። ሥራው በታብሌቱ ይመጣል፣ የተፈቀደልህ ደቂቃ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ቶሎ ከጨረስክ ነጥብ አለህ፣ ከዘገየህ ይቀነስብሃል። ከአምስት ደቂቃ በላይ እጅህን ካሳረፍክ ታብሌቱ ምክንያት ይጠይቅሃል፣ ምርጫውንም ራሱ ያቀርባል፤ እረፍት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የዕቃ እጥረት። ሰው መርዳት የሚል የለበትም። በሰው ሥራ ላይ ያጠፋኸው ደቂቃ ካንተው ነው የሚቆረጠው። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከሁሉ በታች የተገኘው ይሰናበታል።

የፍሬን አየር የሚስብ ማሽንም ተገዛ። ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ማሽኑ ጎበዝ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል፣ ርገጥ ልቀቅ ብሎ ነገር የለም። ጋራዡ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ሥራ አስኪያጁ በጣም ወደደው። ከአውቶብስ ሥር ገብተን በምንሠራባቸው ጉድጓዶች መሀልም የቆርቆሮ መጋረጃ አቆመ፣ ወሬ ሥራ ያስፈታል ተብሎ። ድሮ በምሳ ሰዓት የተጋደመ ጎማ ከበን ሳህን ለሳህን እየተሻማን እንበላ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጥጉን ይዞ በአንድ እጁ ይጎርሳል፣ በሌላው ታብሌቱን ይነካካል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የቡድን መንፈስ ሥልጠና ብለው ጠሩን። «አንድ ቡድን ነን» የሚል ካናቴራ አለበሱን፣ የኔው እንብርቴን አልሸፍን ብሎ ነበር። ከዚያ አንዲት አሠልጣኝ ክብ ሠርተን እንድንቆም አደረገችና የክር ድውር እየተወራወርን ስለ ጓደኛችን አንድ ጥሩ ነገር እንድንናገር አዘዘችን። ጋሽ ጆሮ ድውሩን ሲቀበል ወደኔ ጠጋ ብሎ «ሰውን በቆርቆሮ ለይተው በክር ሊያስተሳስሩት!» አለኝ። ሳቄን ለመደበቅ ሳልኩ። አብረን የሳቅነው ያኔ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ከስክሪኑ ግርጌ የነበርነው ሁለታችን ነን። እኔ አሥራ ሦስተኛ፣ እሱ አሥራ አራተኛ። ልዩነታችን አራት ነጥብ። አንድ ዕድለኛ ሥራ ከደረሰው ይቀድመኛል፣ እኔ ሟች ነኝ። ጋሽ ጆሮ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ባለቤቴም ከወለደች ገና መንፈቅ አልሞላትም። በየማለዳው ገብቼ ሰላም የምለው ሰውዬውን ሳይሆን ስክሪኑን ሆነ። የሱ ነጥብ ሲወርድ ደረቴ ቀለል ይለኝ ነበር። አፌን ሞልቼ የማልናገረው ነገር ነው፣ ግን ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ የፍሪሲዮን ሥራ ይዣለሁ፣ ስድስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ከቆርቆሮው ወዲያ ድምፁ መጣ።

«ዓይኔ!»

«አቤት ጋሼ።»

«እስቲ አንዴ ብቅ በልና ይቺን የፍሬን ዘይት ቱቦ እይልኝ። እጄን ያረጥበኛል። አሮጌ ዘይት ይሁን ስንጥቅ ይኑራት መለየት አቃተኝ።»

«ቆይ፣ መጣሁ» አልኩት።

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ሥራዬን ሁለት ደቂቃ ከተፈቀደው ቀድሜ ጨረስኩ፣ ታብሌቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ወዲያው ሌላ ሥራ ላከልኝ። ያንን ተቀብዬ ወደሚቀጥለው አውቶብስ ሄድኩ። ረሳሁት ብል እንዴት ደስ ባለኝ! አልረሳሁትም። መፍቻዬን እያነሳሁ «ጋሼ እየጠበቀኝ ነው» ብዬ አስቤያለሁ። ቀጥዬም «አራት ነጥብ» ብዬ አስቤያለሁ። ዳግመኛ አልጠራኝም። ሰውን ሁለት ጊዜ መለመን አይወድም።

በማግስቱ ጠዋት ያ አውቶብስ ተሳፋሪ ሊጭን ከግቢው ሲወጣ ሹፌሩ ዋናው በር ጋ ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። አውቶብሱ የዘበኛውን ማደሪያ ገጭቶ ግድግዳውን ናደው። ዘበኛው ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ስለነበር ተረፈ፣ ሹፌሩ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። አውቶብሱ ባዶውን ነበር። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ቱቦዋን ፈትቼ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ስንጥቋ ከጥፍሬ አትረዝምም፣ ግን ላየ ሰው ግልጥ ያለች ነበረች።

ከሰዓት ቢሮ ተጠራን። ሥራ አስኪያጁ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ፣ ጋሽ ጆሮ። እኔን የጠሩኝ ጉድጓዳችን ጎን ለጎን ስለሆነ ነው፣ ምስክር ነገር። ጋሽ ጆሮ መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይዞታል። ሥራ አስኪያጁ ከእጁ ወረቀት አንሥቶ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁ ትሁት ነው፣ ክፉ ሰው አይመስልም።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሥራ አቁመዋል። እንደገና የጀመሩት ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው። የመረጡት ምክንያት እረፍት ነው የሚለው። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

አሥራ አንድ ደቂቃ። እኔ «ቆይ፣ መጣሁ» ያልኩት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰውዬው አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከአውቶብሱ ሥር ቆሞ ጠብቆኛል። ነጥቡ እየተቀነሰበት፣ ጡረታው እየራቀበት፣ ይመጣል ብሎ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ኃላፊዋ፣ «ስንጥቋ ካልታየዎት ለምን ሰው አልጠየቁም? አጠገብዎ ባልደረባ ነበረ። ደኅንነትን በሚመለከት ተጠይቆ እምቢ ያለ ሠራተኛ አብሮ ነው የሚጠየቀው፣ መመሪያው ግልጽ ነው። ጠርተው ነበር ወይስ አልጠሩም?»

ያን ጊዜ መናገር የኔ ፋንታ ነበር። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ልጆቼ መጡብኝ፣ አራቱ ነጥብ መጣብኝ። ጋሽ ጆሮ ወደኔ ዞር እንኳን አላለም።

«ማንንም አልጠራሁም» አለ። «ደከመኝ፣ ትንሽ አረፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኃላፊዋ ጻፈች። የስንብቱ ወረቀት ላይ ይፈርሙ ሲሉት መስመሩ የት እንደሆነ አልታየው አለ፣ ወረቀቱ ላይ በጣቱ ዳሰሰ። ድሮ ቢሆን «ዓይኔ፣ የት ጋ ነው?» ይለኝ ነበር። ኃላፊዋን ጠየቃት፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችው።

ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ ከፈረሰው የዘበኛ ማደሪያ ጋ ሮጬ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አልክ? ጠርተኸኝ የለም ወይ?»

«ጠርቼሃለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለማዳን ብለህ...»

«አንተን?» ሳቀ፣ ሳቁ ደስ አይልም። «ባልተናገርክበት ጊዜ ራስህን አድነሃል፣ እኔን ምን ትፈልጋለህ? አፍሬ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ለሚስቴ ስለ አንተ ሳወራ ኖሬ፣ አሁን ምን ብዬ ነው ‹ጠራሁት፣ አልመጣም› የምለው? ከአፌ አልወጣ አለኝ። ለሷም አልነግራትም።»

«ይቅር በለኝ ጋሼ» አልኩት።

«ሂድ ግባ» አለኝ። «ደቂቃህ እየሄደ ነው።»

ሄደ። ከመንገዱ ማዶ እስኪሻገር ቆሜ አየሁት፤ መኪና ሲመጣ እንደ ልማዱ በጆሮው ነው የሚጠብቀው፣ ቆም ብሎ አንገቱን አዘንብሎ። እንደሱ ቆሞ ስንት አሮጌ ሞተር ሰምቶልኛል። እኔ አንዲት ቱቦ አላየሁለትም።

ስመለስ ጋራዡ እንደወትሮው ጸጥ ብሏል። ከስክሪኑ ላይ የሱ ፎቶ ወርዶ አሥራ ሦስት ቀርተናል፣ የኔ ከሁሉም በታች ነው። ከጉድጓዴ አፋፍ ያስቀመጥኩት ታብሌት ይንጫጫል። ለዘጠኝ ደቂቃ ሥራ አቁመሃል፣ ምክንያት ምረጥ ይላል። ምርጫዎቹን ከላይ እስከ ታች አየኋቸው፣ ሦስቱም እዚያው ናቸው። እጄን በጨርቅ ጠረግሁና «እረፍት» የሚለውን ነካሁ።