ከጌሾው ሥር

ቲቸር ኃይለመለኮት ከሕያዋን ይልቅ የሙታን ወሬ ይጥመዋል። የታሪክ አስተማሪ ነውና ሰላም ያለው ሁሉ የፈርዖንን መቃብር ያገኘውን እንግሊዛዊ ወይም ጥንታዊቷን ከተማ ትሮይን እፈልጋለሁ ብሎ ራሷን ትሮይን በአካፋ የናደውን ጀርመናዊ ታሪክ ሳይሰማ አያልፍም። በጀርመናዊው ደግሞ መሳቅ ይወዳል። እኔ ጎረቤቱ ሁለቱንም ሰዎች ከአጎቶቼ በላይ አውቃቸዋለሁ።

ልደታ ያለው ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ሲባል ለቲቸር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰው። እናቱ እማማ ታየች ግን ፍንክች አልልም አሉ። ቢለመኑ ቢመከሩ መልሳቸው አንድ ነው፤ ጌሾዬን ትቼ የት እሄዳለሁ ይላሉ። እርጅና ነው ብለን ሳቅን። ለአንድ እግር ጌሾ ደግሞ ቤት ይቀራል?

ልጅየው ዘዴ መጣለት። እናቱ ለወሩ ልደታ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ፣ ጌሾውን ነቅሎ በረንዳው ላይ በበርሜል ሊተክልላቸው አካፋ አነሣ። ከሥሩ አፉ በድንጋይ የተከደነ እንስራ ወጣ። ውስጡ የጨቅላ አጥንት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አማትቦ ይመልሰው ነበር። ቲቸር ግን የዕድሜ ልክ ምኞቱ ደረሰለት። አጥንቱን ጋዜጣ ላይ ደርድሮ ጎረቤቱን ጠራ። ከአክሱም በፊት ነው አለን፤ ማን ይከራከረዋል? ቲቸር አጠገቡ እንደተንበረከከ ጎረቤታችን ሚደቅሳ በሞባይል ፎቶ አነሣው። ስም ያስፈልጋታል ስንለው «ትንሿ ድንቅነሽ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

እማማ ታየች የደረሱት ሳቁ ላይ ነው። መጀመሪያ የተነቀለውን ጌሾ አዩ፣ ቀጥሎ እንስራውን። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጥንቶቹን ሸፈኑና መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እህትህ ናት» አሉ። «ካንተ በፊት የወለድኳት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተችብኝ። ያልተጠመቀ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። አባትህ ጅብ እንዳያወጣት ብሎ በእንስራ አድርጎ እዚህ ቀበራት፤ ከላይዋ ጌሾ ተከለ።» ቀና ብለው አዩት። «ጅብ ያላወጣትን...»

መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን፤ እሷ ደግሞ አንዴ ተከፍታ ጉዳችንን አውጥታለች። ሚደቅሳ ሞባይሉን ኪሱ ከቶ በአጥሩ ጥግ ሹልክ አለ፤ ሌላውም አንዱ ባንዱ ጀርባ እየተከለለ ወጣ። እኔ ብቻ ቀረሁ። በጀርመናዊው ሲስቅ የኖረው ሰው የገዛ አካፋውን ማየት አቅቶት ፊቱን በአፈራም እጁ ሸፈነ።

«አራተኛ ፎቅ ላይ አፈር አለ?» ብለው ጠየቁት።

ቀጥለው ደግሞ፣ ስመጣ ስም ስትጠሩ የሰማሁ መሰለኝ፣ ማን አላችኋት አሉ። ቲቸር ስሙን መጥራት አፈረ። ስሙ ቀልድ ነበራ። ደግመው ጠየቁት፤ ቁጣ የለባቸውም።

«ድንቅነሽ» አለ እያለቀሰ።

«እኛ ስም እንኳ ሳናወጣላት ነው የሄደችው» አሉ። የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርገው፣ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅስ ሰው በለሆሳስ «ድንቅነሽ» ብለው ጠሯት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ተባረክ ልጄ» አሉት።

ቢረግሙት ይሻለው ነበር።