«አይ፣ አላስቸግራችሁም»

ዶክተር ዓሪፋን ደሴ ላይ ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ዘይነብ ናቸው፤ በሥርዓት። ሥርዓት ማለት ደግሞ፣ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብ ሆድ ባዶም ቢሆን «በልቻለሁ» ማለት ነው። ሁለቴ እምቢ፣ በሦስተኛው በግድ እሺ። ምን ያደርጋል፣ አሜሪካም ይዛው መጣች!

ነገሩ የሆነው በ2011 ነው። ዓሪፋ ዋሽንግተን ውስጥ ስፔሻሊቲዋን ሰኔ ላይ ልትጨርስ ነበር። በቪዛዋ ሕግ ከዚያ በኋላ አገሯ ገብታ ሁለት ዓመት መቆየት አለባት፤ ሐኪም ያጣ የገጠር ሆስፒታል ስፖንሰር ካላደረጋት በቀር። እሷ ስትሄድ ባሏ ሱሃይብና ገና ድክ ድክ የምትል ልጇ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ሊቀሩ ነው። ካመለከተችባቸው ሆስፒታሎች እሺ ያላት አልነበረም።

አንድ ጠዋት፣ ልጅ ሊይዙላት ከደሴ ከመጡት እትዬ ዘይነብ ጋር ቁርስ ላይ ሳሉ ስልኳ ጮኸ። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ያለች፣ በስካይፕ ኢንተርቪው ያደረገቻት የትንሽ ሆስፒታል ዳይሬክተር ናት።

«ወደንሻል። ስፖንሰር እናድርግሽ?» አለቻት በቀጥታ።

የዓሪፋ ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። አስተዳደጓ ግን ቀደማት። «አይ፣ ለእኔ ብላችሁ ይህን ሁሉ ጣጣ... አላስቸግራችሁም» አለች ለስለስ ብላ። ከዚያ ጠበቀች። ሴትዮዋ «ኧረ ግድ የለሽም!» ልትላት ነዋ!

«ገባኝ፤ በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ለሌላው ሐኪም እንነግረዋለን» አለችና ዘጋች።

እትዬ ዘይነብ «ምን አለችሽ?» አሉ።

«አልለመነችኝም!»

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ እምቢ በይ ያልኩሽ ለጎረቤት ምሳ ነው እንጂ ለዚህ ነው እንዴ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ!»

ዓሪፋ እያለቀሰች መልሳ ደወለች። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ገብታለች» አለቻት። ሱሃይብ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፤ ሁሉም ተከትለውት ወጡ። እስከ ዌስት ቨርጂኒያ በመንገዱ ሁሉ እትዬ ዘይነብ ዱዓ ያደርጋሉ፣ መሀል ላይ ይቆጣሉ፣ ደግሞ ወደ ዱዓቸው ይመለሳሉ።

ዳይሬክተሯን ያገኟት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ከስብሰባ ስትወጣ ነው። የዓሪፋ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ለራስ መለመን፣ ያውም ራስን እያመሰገኑ! ዞር ስትል ልጇን ሱሃይብ ትከሻ ላይ ተኝታ አየቻት። ከዚያ በኋላ ይሉኝታ የሚባል ነገር ጠፋ።

«ሥራውን እፈልገዋለሁ። ስፖንሰር አድርጉኝ። ጎበዝ ሐኪም ነኝ፤ እኔን ብትወስዱ አይቆጫችሁም። ጠዋት እምቢ ያልኩት ጨዋ ልሁን ብዬ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው እስኪለመን ይጠብቃል።»

ሴትዮዋ አፍጣ አየቻትና ሳቀች። «ለሌላው ሐኪም ከምሳ በኋላ ልደውልለት ነበር» አለች። «እኛ እዚህ ስንት ዓመት ሐኪም ስንለምን ኖረናል። እዚህ ድረስ መጥቶ 'እፈልጋችኋለሁ' ያለን ሰው ግን የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ጠበቃችን ዛሬውኑ ይጀምራል።»

እትዬ ዘይነብ እንግሊዝኛውን አልሰሙም፤ የዓሪፋን ፊት ሲያዩ ግን ገባቸው። እልልታውን ለቀቁት! ነርሶቹ ምን መጣ ብለው ከየክፍሉ ወጡ። ሱሃይብ «እትዬ፣ ሆስፒታል እኮ ነው» ቢላቸው ማን ሰምቶት። ዓሪፋ ራሷ እንባዋን እየጠረገች እልልታውን ተቀበለች።

ወረቀቱ ሰኔ ሳያልቅ ጸደቀ። ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ወደዚያች ተራራ ገቡ፤ እትዬ ዘይነብም አልቀርም ብለው ተከተሉ። ማንም ከማንም አልተለየም።