የበዙት ወታደሮች

ጎሚስታው ሲወድቅ፣ ጎማ ማውለቂያው ብረት ጎማውና ቸርኬው መሃል እንደተሰካ ቀረ። የጭነት መኪና ጎማ ነበር። ብረቱን አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው ከደረቱ መሃል አንድ ነገር ተቀደደ። ለሚስቱ የነገራት እንዲሁ ብሎ ነው። አመመኝ አላለም፣ ወጋኝ አላለም፤ ተቀደደ ነው ያለው። ከዚያ ሕመሙ በጀርባው በኩል ወደ ወገቡ ሲወርድ በጣቱ እየተከተለ "አሁን እዚህ ደረሰ፤ አሁን ደግሞ እዚህ" ይላት ጀመር።

ሚስቱ አብራው ነው የምትሠራው። ጎማ ትነፋለች፤ ውሃ ውስጥ ነክራ የሚያፈስበትን ቦታ ታገኛለች፤ ዋጋ በዛ ከሚል ደንበኛ ጋር አፍ ትካፈታለች። ሾፌሮቹ "ኮምፕሬሰሯ" ነው የሚሏት። አንዴ ከተነሳች መብራት ካልጠፋ ዝም አትልም እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። ያን ቀን ግን ድምጿ የት እንደገባ እንጃ። ባሏን አንስቶ ጋቢና ያስገባው ጎማውን ሊያሠራ የመጣው ሾፌር ነው፤ እሷ ጫማውን ብቻ ይዛ ተከተለች።

ሆስፒታል እንደደረሱ ደም ቀዱለት፤ ደረቱን በትልቁ ማሽን አዩት። ሐኪሟ ገና ልጅ ነገር ናት፣ አነጋገሯ ግን የልጅ አይደለም። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳው ድርብርብ እንደሆነ፣ የውስጠኛው ተሰንጥቆ ደም በድርቡ መሃል እየሰረገ እንደሆነ፣ የውጪው ከለቀቀ ግን ማንም እንደማይደርስለት ነገረቻቸው።

ጎሚስታው ዓይኑን ገለጠ። "ጎኑ ያበጠ ጎማ በሉኛ።"

"እንደሱ ነው።"

"እንደሱ ያለውን እኔ አልለጥፍም። ጣሉት ነው የምለው።"

"እኛ አንጥልም" አለች ሐኪሟ። "የተጎዳውን ቆርጠን በሌላ እንተካለን። ግን አሁኑኑ መግባት አለብዎት። የሚገባ ሁሉ አይወጣም፣ አልዋሽዎትም። ያልገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።"

ሚስቲቱ እጇን ዘረጋች፤ የስምምነት ወረቀቱን አምጪው፣ እኔ ልፈርም አለች። ሐኪሟ ግን ራሱን እስካወቀ ድረስ የሚፈርመው እሱ ነው አለቻት። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጋሼ ይምጡ አለ። እንኳን ለዚህ፣ ኮምፕሬሰር ሲገዛም ጋሼ ሳይሰሙ አይሆንም ነበር። የእሷ እልህ ማንንም ይረታል፤ ጋሼ በሚለው ቃል ፊት ግን ባሏን ረትታው አታውቅም።

ጋሼ የሚባሉት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። እናት አባታቸው ሲሞቱ እሱንና ታናሽ እህታቸውን በአስተማሪ ደሞዝ አሳድገዋል። እህቲቱ ለትንሽ ነገር ነው ተብላ ቀዶ ጥገና ገባች፣ ተሸፍና ወጣች። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ቢላዋ የሚባል ነገር ሲነሳ ፊታቸው አመድ ይሆናል።

መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ጫማቸው ግን ዛሬም ክፍል እንደሚገባ ሰው የተወለወለ ነው። ኮሪደሩ ላይ የደም ምርመራውን ውጤት የያዘውን የላብራቶሪ ሠራተኛ አገኙትና፣ ወንድሜ ነው፣ ምን አለ? ብለው ያዙት። ሰውየው እየተቻኮለ ነጭ የደም ሴሉ ከልክ በላይ መብዛቱን ነግሯቸው አለፈ። ሌላውን ሐኪሟ ትነግርዎታለች ማለቱን አልሰሙትም፤ ወይም ሰምተው ተዉት።

እሳቸው ነጭ የደም ሴልን ያውቁታል። አራተኛ ክፍል ሳይንስ ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጠመንጃ የያዙ ክብ ክብ ሰዎች ይስሉ ነበር። የሰውነት ወታደሮች። ልጆቹ ከሌላው ትምህርት ሁሉ ያንን ነበር የሚወዱት፤ ጎሚስታውም ራሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ተምሮታል።

ፊታቸው በርቶ ገቡና ግንባሩን ዳሰሱት። "አይዞህ፣ ወታደሮችህ በዝተዋል። ሰውነትህ ራሱ እየተዋጋልህ ነው፤ ምን ቢላዋ አስፈለገ?"

ጎሚስታው ከወደቀ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለ። ሚስቱም ደስ አላት፤ ያኔ ደስ እንዳይላት የሚያደርግ ምን ነበር? ግን ነገር ቶሎ የሚዋጥላት ሴት አይደለችም።

"ታዲያ ላቡ ለምን አይደርቅም?" አለች።

"የሚዋጋ ሰው ላቡ ይደርቃል እንዴ? አንቺ ደግሞ ሰውን ሁሉ ጎማ አታድርጊው።"

ባሏ ሳቀ፤ ሲስቅ ጥርሱን ነከሰ። መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ልጅቷ ደወሉ። የጎሚስታው አንድ ልጅ ናት፤ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው፤ አባቷ መታመሙን ሰምታ አውቶቡስ መናኸሪያ ደርሳ ነበር። አትቸኩይ፣ አባትሽ ደህና ነው፣ ወታደሮቹ እየተዋጉለት ነው፣ ነገ ረጋ ብለሽ ነይ አሏት። ልጅቷ ከመናኸሪያው ተመለሰች።

ሐኪሟ ተመልሳ መጥታ ምን ወሰናችሁ አለች። ጎሚስታው ትንሽ እንጠብቅ አለ። ሌላ ቀን የለም፣ ትንሽም የለም፣ እያንዳንዷ ሰዓት ከእርስዎ ላይ ናት የምትቆረጠው አለችው። መምህሩ ስለ እህታቸው ማውራት ጀመሩ። እሷ ቆማ ሰማቻቸው፤ ልትመልስላቸው ስትል ከማዶ ክፍል ጠሯትና ሮጠች።

ጠበቁ። ሚስቲቱ እግሩን ያዘች፤ አንደኛው ሞቃት ነው፣ አንደኛው እንደ ብረት ቀዝቅዟል። ከንፈሩን አየችው። ለማንም ምንም ሳትል ተነስታ ወጣች፤ ሐኪሟ ከማዶ ክፍል ስትወጣ በሩን በትከሻዋ ዘግታ ቆመች።

"ወታደሮቹ በዝተዋል አሉን። መብዛታቸው ደግ ነው ወይስ ክፉ? ይህን ሳትነግሪኝ አታልፊም።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አብራት ወደ አልጋው ሄደች፤ የተናገረችው ግን ለመምህሩ ነበር።

"በዝተዋል አባቴ። ግን ነጭ ሴል ሁሉ አንድ አይደለም። ጉዳት ወዳለበት የሚሮጡት ከልክ አልፈዋል፤ ሌሎቹ፣ ማለት ሰውነትን የሚያመዛዝኑት፣ ጥቂት ነው የቀሩት። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም እየወረዱ ነው፤ ስንጥቁ እየጨረሳቸው። ደማቸው እንዲህ የሚሆን ሰዎች መጨረሻቸው ብዙውን ጊዜ ከሌላው ይከፋል። ደም ብቻውን አይፈርድም፣ እውነት ነው። ጠብቁ የሚል ደም ግን አይደለም።"

"እኔ ወታደሮች ናቸው ብዬ ነው ያስተማርኩት" አሉ መምህሩ።

"ናቸው። ቤቱ ሲነድ ነው የተሰበሰቡት።"

ጎሚስታው ወንድሙን አየ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። ከዚያ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ወደ ጋሼ አልነበረም። "ወረቀቱን ስጪኝ" አለ። ጥፍሮቹ ስር ያለው ግራሶ አልለቀቀም፤ ወረቀቱ ላይ ከፊርማው ጎን የአውራ ጣቱ ጥቁር አሻራ አረፈ።

"ከወጣሁ ጎኑ ያበጠውንም እለጥፋለሁ" አላት።

"ውጣና እንጣላበታለን" አለችው።

አልጋውን እየገፉ ወሰዱት፤ እሷ ከጎን፣ መምህሩ ከኋላ። ጎሚስታው በጣቱ አንገቱን ነካ። "አሁን እዚህ..." አለና ጣቱ ወደቀ። የሚገፉት ሰዎች መሮጥ ጀመሩ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ብዙ አልቆየም። ሐኪሟ ቆቧን ሳታወልቅ ወጣች። ደረቱ ሳይከፈት ቧንቧው ፈንድቶ ነበር። ሚስቲቱ አላለቀሰችም፤ ቀድመን ፈርመን ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ወለሉን እያየች መለሰችላት። ደሙ ገና ሲገባም መጥፎ ነበር። ቀድሞ ቢገባ ዕድል ነበረው፤ ትንሽ ዕድል፣ ግን ነበረው።

መምህሩ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሰሙ። የተወለወለው ጫማቸው አንዱ ማሰሪያው ተፈትቷል፤ አላዩትም።

"ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ?"

የጠየቁት ሚስቲቱን ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ልመና ነበር። ወይ ትርገማቸው ወይ ትማራቸው ነው የሚለምኑት፤ ከሁለቱ አንዱ ያሳርፋቸው ነበር። ምላሷ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። እኒህ ሰው ባይኖሩ ባሏ ጎዳና ያድግ እንደነበር ደግሞ ራሷ ታውቃለች።

"አልገደሉትም" አለች። "አዘግይተውታል። ደሙ ክፉ ነበር፣ እርስዎም አዘገዩት። ሁለቱም ነው። አንዱን ላነሳልዎት አልችልም።"

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጆች ሲያነቡላቸው እንደሚያደርጉት፣ ቀስ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ።

አጎንብሳ የጫማቸውን ማሰሪያ አሰረችላቸው። ከዚያ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጣች፤ የልጅቷን ቁጥር ፈልጋ እጃቸው ላይ አደረገችው።

"አትምጪ ያሏት እርስዎ ነዎት። ይደውሉላት።"

"አንቺ ንገሪያት። እናቷ ነሽ።"

"እርስዎ ነዎት የሚነግሯት።"

መምህሩ ቁጥሩን ተጫኑት። እሷ ስልኩን ከሥር ደገፈችው፤ ጆሯቸው ላይ አድርጋ ይዛ ቆመች። ሲጠራ ይሰማል። ልጅቷ አንስታ "ጋሼ፣ አባቴ እንዴት ሆነ? ወታደሮቹስ?" ስትል ሁለቱም ሰሟት።

ሚስቲቱ ስልኩን ወደ ራሷ አልወሰደችውም፤ ከጆሯቸውም አላራቀችውም።