ከጅዳ የመጣ ሃይላንድ

«ውሃ ነው ያልሽኝ! በራስሽ አፍ ነው ያልሽኝ!»

«ያኛው ልጅ ውሃ ይፈልጋል አልኩህ እንጂ እሳቸው ይፈልጋሉ አልኩህ? ልቀቅ! ሃይላንዱን ልቀቅ!»

«አልለቅም! ዘምዘም ነው፤ ወላሂ አንዲት ጠብታ መሬት ብትነካ አንላቀቅም!»

«ዘምዘምም ቢሆን ውሃ ነው! ሰውየው ሳንባቸው ውስጥ እየሰመጡ ነው፣ አንተ እዚህ ታደርቀኛለህ!»

ነጠቀችኝ። በሩንም ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ደሴ ካሉት ሆስፒታሎች ባንዱ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ነን። የነጠቀችኝ ሲስተር ሰልዋ ናት። የሸዋ በር ነጋዴ ልጅ፣ ቅድመ አያቷ ከየመን የመጣ፤ አፍንጫዋም ምላሷም የተሳለ ነው። እኔ ሀፊዝ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ ቁርኣንን በቃሌ እንድሀፍዝ ብለው ነበር፤ ከመድረሳውም ከትምህርት ቤቱም ጠፍቸ የሀፈዝኩት ትራፊኮች የት የት እንደሚቆሙ ብቻ ነው።

ውስጥ የተኙት ጋሽ የሱፍ ናቸው። የኢሱዙ ሾፌር ናቸው፣ እኔ ረዳታቸው። ሥራችን ኦክስጅን ነው። ኮምቦልቻ ካለው መጋዘን ሙሉ ሲሊንደር እንጭናለን፣ ደሴ እናወርዳለን፣ ባዶውን ይዘን እንመለሳለን። ምን ትሠራለህ ሲሉኝ «አየር አመላልሳለሁ» እላለሁ፤ ቦዘኔ ነው ብለው ያልፉኛል።

ጋሽ የሱፍ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያወጣው ዳገት፣ ዶሮ መዝለያ ላይ፣ አንዲት ኩርባ አለቻቸው። ሚስታቸው እትየ መዲና ወደ ጅዳ ስትሄድ በዚሁ መኪና ነው የሸኟት። እዛች ኩርባ ላይ «አቁም» ብላ ወርዳ አስታወከች። መኪናው ይሁን ልቅሶው፣ እሳቸውም አያውቁ። እሳቸው ራሳቸው ድሮ ጅዳ ዕቃ ሲያወርዱ ኖረው፣ ተይዘው፣ ተጠርዘው የመጡ ሰው ናቸው። እሳቸው መጡ፣ እሷ ሄደች። ቀን አይገጥምላቸውም። ከዛ ወዲህ እዛች ኩርባ ሲደርሱ ማርሽ ይቀንሳሉ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ያንባርቀዋል፤ እሳቸው እቴ!

«ጋሼ፣ ትውከት የሚዘይር ሰው እርስዎን ብቻ ነው ያየሁ» እላቸዋለሁ።

«ዝም በል አንተ ሸይጧን። አንተን ማን ናፍቆህ ያውቃል?» ይሉኛል።

የዛን ለት ኩርባዋ ላይ እንደ ልማዳቸው ቀነሱ። እኔም እንደ ልማዴ ልተርብ አፌን ስከፍት፣ ጭራሽ ቆሙ። ዞር ብየ ሳይ ፊታቸው አመድ ሁኗል። ላቡ ይወርዳል፣ ስነካቸው ግን በረዶ ናቸው። ደረታቸውን ይዘው «ታኮ አስገባ» አሉኝ። ሰው ልቡ እየከዳው ለመኪናው ጎማ ያስባል?

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ነዳሁት። ከኋላ የኦክስጅኑ ሲሊንደር እርስ በርሱ ይንኳኳል፣ ከጎኔ ሰውየው አየር አጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ያን ሁሉ አየር ጭኖ አየር ማጣት! እየነዳሁ አለቀስኩ፤ ለማንም አትናገሩ።

ሲስተር ሰልዋ ተቀበለችን። የጣታቸውን ጥፍር ጫን አርጋ ለቀቀች። ነጭ ሁኖ ቀረ። መቅላቱ ሲመለስ ቆየ፣ ቆየ።

«ሾክ ውስጥ ናቸው» አለች።

እኔ ድንጋጤ መስሎኝ «ማንም አላስደነገጣቸውም፣ ትራፊክ እንኳ አላገኘን» አልኩ።

አልሳቀችም። አጠገባቸው ባጃጅ የተገለበጠበት ጎረምሳ ተኝቷል፤ ባንድ ክንዱ ደም፣ ባንድ ክንዱ ግሉኮስ ይንቆረቆርለታል። «እሱስ?» አልኳት። «እሱም ሾክ ነው። ደም ፈሶት ጎድሎበታል፣ ደምም ውሃም እየሞላንለት ነው» ብላኝ እየሮጠች ሄደች። እኔ ይችን ያዝኩ። ሾክ ማለት ጉድለት ነው፣ መድኃኒቱ መሙላት ነው። አለቀ፣ ሐኪም ሆንኩ።

ለጋሽ የሱፍ ግን አይሞሉላቸውም። ለጎረምሳው ላስቲክ በላስቲክ እየቀያየሩ፣ ለኔ ሰውየ ጠብ፣ ጠብ። ዘመድ ስለሌላቸው ነው ብየ ውስጤ ነደደ። በማግስቱ የኦክስጅን ጭምብሉን ከአፋቸው ገለል አርገው «ሀፊዝ፣ ያችን ሃይላንድ» አሉኝ።

አወቅኳት። እትየ መዲና ዘምዘም ነው ብላ፣ ሐጅ አድርገው በተመለሱ ሴትዮ እጅ የላከችላቸው ናት። በሻርፕ ጠቅልለው ከወንበራቸው ኋላ ነው የሚያኖሯት። አይጠጧትም። መኪና ስናጥብ ይፈቷትና ወደ ፀሐይ አንስተው ያዩዋታል፤ መልሰው ይጠቀልሏታል።

ጃኬቴ ስር ሸጎጥኳት። በረኛው ጋሽ ቀለሙ ሆዴን አይተው «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «አረገዝኩ» ብየ አለፍኩ። ጋሽ የሱፍን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞር አረግኋቸው። ቢስሚላህ፣ ሦስት ጉንጭ። ፊታቸው ፈካ። «ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ግማሹ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ደረታቸው እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ከዛ ነው ሰልዋ የደረሰችብኝ፣ ከዛ ነው በሩ ላይ የተናነቅን።

በኋላ ወጣች። ቀና አርጋ አስቀምጣ፣ ከረጢት ያለውን ጭምብል አድርጋ፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መርፌ ወግታ ነው የመለሰቻቸው። ግድግዳውን ተደገፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«መኪናህ በምን በምን ምክንያት መንገድ ላይ ይቀራል?» አለችኝ።

«ነዳጅ ከፈሰሰ።»

«እሱ የባጃጁ ልጅ ነው። የሚዞረው ደም ፈሶበታል። ስትሞላለት ይነሳል። ሌላ?»

«ሞተር ከደከመ።»

«እሱ የጋሽ የሱፍ ልብ ነው። ደሙማ አለ፣ የሚገፋው ነው የደከመ። ሞተሩ ለደከመ መኪና ጭነት ትጨምርለታለህ?»

«ኧረ አራግፍለታለሁ!»

«ጨመርክባቸው። ልባቸው መግፋት ያቃተው ውሃ ሳንባቸው ላይ ተኛ። ሌላስ?»

«ዶሮ መዝለያ ላይ ናዳ ከወረደ።»

«እሱም አለ። የረጋ ደም ሄዶ የሳንባን መንገድ ይዘጋል። ሞተር እያለ፣ ነዳጅ እያለ፣ ማለፊያ የለም።»

«በቃ፣ ጨረስኩ።»

«አንድ ቀርቶሃል። ሰፈሩ ሁሉ ባንዴ ቧንቧ ሲከፍት፣ እናንተ ቤት ምን ይሆናል?»

«ጠብ ጠብ ይላል።»

«ክፉ ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲገባ፣ ወይ መድኃኒት ሰውነትን ሲያስቆጣ፣ ደም ስር ሁሉ ይላላል። ደሙ ያው ነው፣ ግፊት የለውም።»

«እና የቱ ይብሳል?»

«ሁሉም ያው ናቸው። ኮምቦልቻ ሲሊንደሩ እስከ ጣራ ተደርድሮ ይኑር፣ ደሴ ካልደረሰ ሰው ይሞታል። ሾክ ማለት አለመድረስ ነው።» ሃይላንዱን ደረቴ ላይ ለጠፈችው። «ሲሻላቸው በጥጥ ከንፈራቸውን ታርስላቸዋለህ። እስከዛ ከግቢው አውጣልኝ።»

«እኔ ብታመምስ ሲስተርየ፣ የት ጋ ነው የማይደርሰው?»

«ጭንቅላትህ ጋ» ብላኝ ገባች።

ያች ግማሽ ሃይላንድ አደራ ሆነችብኝ። ጋሽ የሱፍ ጭምብሉ ስር ሁነው በዓይናቸው ነው የሚጠይቁኝ፤ «ትመጣለች ጋሼ፣ ሲሻልዎት» እላለሁ። በሻርፗ ጠቅልየ ወንበራቸው ኋላ መለስኳት። ሥራው ደግሞ አይጠብቅ፤ እሳቸው የሚተነፍሱትም እኛ የምናመጣውን ነው። ተተኪ ሾፌር መጣ፤ አባይ ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ኩርባዋ ላይ አይቀንስም። ስንወርድ ጭው አርጎ አለፋት። አንገቴን አዙሬ አየኋት። ስስቅባቸው የኖርኩ ልጅ፣ እስክትሰወረኝ ዓይኔን አልነቀልኩም። ጋሽ የሱፍ ሽቅብ ስንወጣ መንዙማ ያዜማሉ፤ ድምፃቸው ያረጀ ፍሬን ነው፣ ጆሮየን እደፍን ነበር። አሁን ጆሮየ ክፍት ሁኖ ምንም አይሰማበትም። ኮምቦልቻ ስንገባ ቤታቸውን አየሁት፤ ስትመጣ ታየዋለች ብለው በአረንጓዴ ያስቀቡት በር ተዘግቷል።

ጭነን ስንመለስ መኪናው ፈላ። የት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? እዛችው ኩርባ ላይ! ወርጀ ታኮ አስገባሁ፤ ሽንቴንም ሸናሁ፣ አልዋሽም። ስመለስ አባይ ራዲያተሩ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሻርፗ መሬት ላይ ናት። ሃይላንዷ እጁ ላይ ተዘቅዝቃለች።

«ምንድን ነው ያፈሰስከው?»

«ውሃ ነዋ! ከወንበሩ ኋላ አገኘሁት።»

«ዘምዘም ነው እኮ! ዘምዘም!»

አባይ ባዶውን ሃይላንድ አየ፣ ራዲያተሩን አየ።

«እንግዲያማ አይቆምም» አለ።

ልመታው እጄን አንስቸ መለስኩት። ምን ያርግ? ኦክስጅን ጭነናል፣ ውሃ አልነበረን። ደግሞ እውነቱን ነው፤ ደሴ ድረስ አንዴ እንኳ ሳይቆም ወጣ። ያን ያህል የተናነቅንለት ውሃ የኢሱዙ ሆድ ገባ። መንገዱን ሙሉ ሻርፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የራሴን ጥፍር እየተጫንኩ፣ ሲቀላ እያየሁ ወጣሁ።

ሰልዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «የት ነበርክ? ጥፍራቸው እንደ ድሮው ቶሎ ይቀላል፣ ሽንታቸውም መጥቷል። ስላንተ ሲጠይቁ ነው የዋሉ። ጥጡ ይኸውልህ፤ ከንፈር ብቻ!»

ባዶው ሃይላንድ ጃኬቴ ስር ነው። ለሷ ብነግራት ትሰድበኛለች፤ ለሳቸው ብነግራቸው ያቺ የደከመች ሞተር ትቆማለች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቧንቧ ጋ ሄድኩ። የደሴ ውሃ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ቀድሞ እስከነበረበት እስከ ግማሽ ሞላሁት፤ በሻርፗም ጠቀለልኩት። ክዳኑን ሳጠብቅ ስልክ ጮኸ። የጋሽ የሱፍ ስልክ እኔ ጋ ነው። እትየ መዲና ናት፤ መታመማቸውን ከነገርኳት ወዲህ አሠሪ ማዳሟ ስትተኛ ነው የምትደውል።

«ሀፊዝ፣ ጠጣልኝ?»

«ጠጥተዋል እትየ። የተረፈችውን ይዠ እየገባሁ ነው።»

«ወላሂ በገዛ እጄ ነው የቀዳሁለት። እዚህ ከገባሁ ልብስ ከማሰጣበት ጣራ በቀር ወጥቸ አላውቅም፤ ሌላ ምን እልክለታለሁ? በጀ ነው የቀዳሁልህ በለው፣ እሽ?»

ከኋላዋ ሕፃን አለቀሰ። ተቋረጠ።

ገባሁ። ጭምብሉ ተነስቶላቸው አፍንጫቸው ላይ ቀጭኗ ቱቦ ብቻ ቀርታለች። መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን ቢሆን?

«ያ ልጅ ኩርባዋ ላይ ይቀንሳል?»

«ዛሬማ ጭራሽ ቁሞባታል ጋሼ» አልኩ። ውሸት የለበትም።

ሻርፗን ፈታሁ። ጥጡን ነክሬ ከንፈራቸውን አራስኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በምላሳቸው አጣጣሙ። ላጣፍጠው ብየ «እትየ ደውላ ነበር። ‹በጀ ነው የቀዳሁልህ በለው› ብላለች» አልኳቸው።

ዓይናቸው ተገለጠ።

«ጣዕሙ ሌላ ነው። ይሄን ከየት ቀዳኸው?»

«እኔ?»

«ሀፊዝ!»

ላቤ መጣ፤ ቀዝቃዛ ላብ፣ የሳቸውን አይነት። ሰልዋም በሩ ላይ ቁማ ትሰማለች። «ከኮሪደሩ» አልኩ። «መኪናው ፈልቶ አባይ ሳያውቅ ራዲያተር ውስጥ ጨመረው። ጋሼ፣ ይምቱኝ። የመካን ውሃ፣ ያን የተባረከ ዘምዘም...»

«የምን ዘምዘም?» አሉ ጋሽ የሱፍ። «ጅዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያኛውም የቧንቧ ነበር። የቀዳችው ግን እሷ ነበረች፣ አንተ ከብት!»